የአህያ ፈጅ ባለ ሦስት እግር

ሚያዝያ 9 ቀን 1999 ዓመተ ምሕረት፣ ማክሰኞ ጧት፤ ፀሐይ በመቄት በኩል ብቅ ብላ የላይ ጋይንትን አምባዎች ገና ሳታሞቅ፤ የነፋስ መውጫም ነፋስ እንደ ልማዱ የቤቱን ሁሉ ቆርቆሮ በሚያንኳኳበት ሰዓት፤ ወደ ታች ጋይንት በሚወርደው መንገድ ላይ በዚያ አገር ታይቶ የማይታወቅ ተሽከርካሪ ቁልቁል ይወርድ ነበር። ከፊት አንድ ጎማ፣ ከኋላ ሁለት ጎማ አለው፤ መሪው የሞተር ብስክሌት ነው፤ ድምፁ ግን የመኪና ነው። ገበሬው ሞፈሩን ተደግፎ ቆሞ ያየዋል፤ በቅሎ ይበረግጋል፤ ውሻም ጥቂት ይከተልና የሚነክሰው ቦታ አጥቶ ይመለሳል።

በላዩ የተቀመጠው ሰው ቀለመ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ይባላል፤ የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነው፤ ቁመቱ አጭር፣ እጁ ወፍራም፣ አንገቱ ደግሞ ለማንም የማይታዘዝ። ከኋላው ሚስቱ ካሣነሽ ነጠላዋን አገጯ ሥር ጠብቃ አስራ ተቀምጣለች። የሚወርዱት ወደ ፍርድ ነው። ይህ ባለ ሦስት እግር ከግራርጌ ማርያም ተነሥቶ አህያ ፈጅ የተባለውን ዳገት አራት ሰው ጭኖ፣ ያለ ገፊ ከወጣ፣ በሽተኛና ወላድ ከቆላው ወደ አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ እንዲያመላልስ የወረዳው ወረቀት ይሰጠዋል፤ ካልወጣ ግን ተፈታትቶ ሞተሩም ሻንሲውም ለየብቻ እንዲቀመጥ ባለቤቱ አስቀድሞ ፈርሟል። ፈርሟል ስል በእልህ ነው የፈረመው፤ ወረቀቱን ሁለተኛ እንኳ አላነበበውም።

የዚህን ሰው ነገር ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

አባቱ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ በግራርጌ ማርያም የድጓ መምህር ነበሩ፤ ከእስቴና ከስማዳ፣ አልፎም ከዋድላ ደቀ መዛሙርት ስማቸውን ሰምተው ይመጡባቸዋል። ሰውነታቸው ግዙፍ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ፤ በማኅሌት ሲነሡ ከበሮው ራሱ የሚያፍር ይመስል ነበር። አንድ ልጃቸውን ቀለመ ወርቅ ብለው የሰየሙት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ወንበራቸውን ይወርሳል ብለው ነው። ልጁም ጾመ ድጓን ጨርሶ ወደ ድጓው ሲሻገር፣ በ1976 ዓመተ ምሕረት የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ተጀመረ፤ ከገበያ አፍሰው ወሰዱት። በጦሩ ጋራዥ ሰባት ዓመት የከባድ መኪና ሆድ ሥር ተኛ፤ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን አንድ የመፍቻ ከረጢት በትከሻው አንጠልጥሎ፣ ከነፍሱ ጋራ ወደ አገሩ ገባ።

መሪጌታ ልጃቸውን አቅፈው ሲያለቅሱ ከቆዩ በኋላ እጁን ገለጥ አድርገው አዩት።

«ይህ ጥቁሩ ምንድን ነው?» አሉ።

«የሞተር ዘይት ነው የኔታ፤ አይለቅም።» ልጅም ቢሆን ከአባቱ ወንበር ሥር ተምሯልና የሚጠራቸው እንደ ተማሪዎቹ የኔታ እያለ ነበር።

«ከወንበሩስ ትቀመጣለህ?»

«አልዋሽዎትም የኔታ፤ ዜማው ከእጄ ወጥቷል። አሁን እጄ የሚያውቀው ሌላ ነው።»

ሽማግሌው ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ ወንበሩ አላነሡም፤ ልጃቸው ነፋስ መውጫ ላይ፣ ቻይና በሠራው መንገድ ዳር ጋራዥ ሲከፍትም አልመረቁ፣ አልረገሙ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ግን የጋራዡን ደጃፍ አልረገጡም። ልጁም ነገሩን በሆዱ ይዞ ሥራውን ይሠራል፤ ስለ አባቱ ሲጠይቁት «ደኅና ናቸው» ይላል፤ አለቀ።

ካሣነሽን ያገባው አርብ ገበያ ላይ አይቷት ነው። የእህል ነጋዴ ነበረች፤ አራት አህያ አላት፤ ጆንያውን የምታስነሣው ወንድ ቀጥራ ቢሆንም ጭነቱን የምታስተካክለው ግን ራሷ ነበረች፤ የካሣነሽ ጭነት መንገድ ላይ ሲያጋድል ያየ ሰው የለም። ከተጋቡ ብዙ ዓመት ልጅ ሳያገኙ ቆይተው፣ በ1994 ፀነሰች። በዚያው ዓመት ሐምሌ የባሏን ወላጆች ልትጠይቅ ወደ ግራርጌ ወርዳ ሳለ ምጡ ሳይታሰብ መጣባት፤ ዋለች፣ አደረች፤ አዋላጆቹም እጃቸውን አነሡ። የአጥቢያው ወንዶች ቃሬዛ አበጁ፤ ቀለመ ወርቅም ደርሶ ስለነበር አንዱን ጫፍ በትከሻው ያዘ፤ መሪጌታም ዳዊት እየደገሙ ከኋላ ተከተሉ። አህያ ፈጅ በሐምሌ ጭቃ ምን እንደሚመስል የወጣው ያውቀዋል፤ አንድ ርምጃ ወጥቶ ሁለት መንሸራተት ነው። ስድስት ሰዓት ፈጀባቸው። እናቲቱ ተረፈች፤ ልጁ ግን አልተረፈም። ወንድ ነበር።

ካሣነሽ አርባ ቀን ከቤት አልወጣችም። በአርባ አንደኛው ቀን ወደ ጋራዡ መጥታ ከባሏ ፊት ቆመች።

«ቀለመ ወርቅ፣ የሞተ መኪና ያስነሣል ይሉሃል አይደል?»

«ይላሉ።»

«እንግዲያው ያችን ዳገት የሚወጣ ነገር ሥራልኝ። ሌላ ምንም አልለምንህም።»

«እሠራልሻለሁ፤ ማርያምን!» አለ። እንዴት እንደሚሠራው ግን በዚያች ሰዓት አያውቅም ነበር።

መንገዱ ቀድሞ መጣ። በ1997 ሴፍቲኔት የሚባለው ሥራ በጋይንትና በስማዳ ሲጀመር፣ የግራርጌ ሰው አካፋና ዶማ ይዞ ወጥቶ አህያ ፈጅን እያጣመመ ጠረገው። ስፋቱ ሁለት የተጫነ አህያ ጎን ለጎን ቢያሳልፍ ነው፤ ጥምዝምዙም ከባድ መኪና ቀርቶ ላንድክሩዘር የሚዞርበት አልነበረም። ሞተር ብስክሌት ይወጣዋል፤ ነገር ግን ምጥ የያዛት ሴት በሞተር ብስክሌት ላይ እንዴት ትቀመጣለች? ቀለመ ወርቅ መንገዱን በእግሩ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ወርዶ፣ እያንዳንዱን ኩርባ በክንዱ ለክቶ ተመለሰ፤ ከዚያም የጋራዡን የእንጨት በር ነቅሎ መሬት ላይ አጋደመና በከሰል ይሥልበት ጀመር።

አሳቡ ያረፈው በአንድ ቮልስ ላይ ነበር። ከአንድ የተዘጋ መሥሪያ ቤት ጓሮ ባሕር ዛፍ ወድቆበት ፊቱ ተጨፍልቆ፣ ዶሮ ዕንቁላል ትጥልበት ነበር፤ ወረዳው ባወጣው ጨረታ ሌላ ተጫራች ስላልቀረበ ለእርሱ ወደቀ። የከተማው ሰው ሳቀበት። እርሱ ግን ለካሣነሽ ከሰሉን ይዞ እንዲህ ሲል አስረዳት፤

«ይኸውልሽ፤ የዚህ መኪና ሞተሩ፣ ማርሽ የሚቀይረው ካምቢዮና የኋላ ጎማው አንድ ላይ ከኋላ ነው ያሉት። ፊቱን ቆርጬ እጥላለሁ፤ ዛፉም ጀምሮልኛል። በፊቱ ፈንታ የሞተር ብስክሌት ጎማና መሪ እተክላለሁ። አንድ ጎማ ከሆነ በጠባብ ኩርባ ይዞራል። ደግሞ ይህ ሞተር ውኃ አይጠጣም፤ በነፋስ ነው የሚበርደው፤ ዳገት ላይ አይፈላብኝም።»

«ነፋስማ ሞልቶናል» አለች ካሣነሽ፤ ሁለቱም ከዓመታት በኋላ መጀመሪያ የሳቁት ያን ጊዜ ነው።

ሥራው ሁለት ዓመት ወሰደ። የፊቱን ጎማ ከአንድ የግብርና ሠራተኛ ካረጀ ሞተር ብስክሌት አገኘ፤ የጎማው ሁለት ዘንግ የመኪናን ክብደት ስለማይችል በውኃ ቧንቧ አልብሶ በየደው። ሻንሲውን ቱቦላሬ በሚባለው ባዶ ብረት አራዘመ። መጀመሪያ ጎማውን በጣም ቀጥ አድርጎ ስለተከለው በሜዳ ሲነዳ መሪው እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠበት፤ ፈታውና ወደ ፊት አጋድሞ እንደገና በየደው፤ መንቀጥቀጡ ተወው፣ ጸጥ አለ። ደጋው ላይ አየሩ ቀጭን ነውና ሞተሩ በቤንዚን እየታፈነ ጥቁር ጭስ ይተፋ ነበር፤ የካርቡራቶሩን ቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ በቆርቆሮ ማጣበቂያ ደፍኖ፣ በስፌት መርፌ መልሶ በሳው፤ ይህንንም ሰባት ጊዜ ደጋገመው። መብራት በጠፋ ቁጥር ብየዳው ይቆማል፤ መብራት ሲመጣ ቀለመ ወርቅ ምሳውን ትቶ ይሮጣል። ከኋላ ለበሽተኛ የሚሆን ከፍ ያለ ሰፊ መደብ፣ ከመሪው ፊት ለፊት ደግሞ ከሻንሲው ጋር የተበየደች የዕቃ ሳጥን ሠራለት። ሳጥኗን ያሠራችው ካሣነሽ ናት፤ «ዕቃ ከፊትም ይጫናል» ብላ አዘዘች፤ እርሱም ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ሠራ።

በቻይናው መንገድ ላይ መጀመሪያ የነዳው ቀን ነፋስ መውጫ ሥራ ፈታ። ልጅ አዋቂው ወጥቶ ያጨበጭባል፤ «ወይ ጉድ! ጉልቻ ጎማ አውጥቶ ሄደ!» አለ አንዱ ቀልደኛ፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ ጉልቻ ሆኖ ቀረ። ቀለመ ወርቅ ስሙን አልጠላውም።

ነገር የመጣው በወረዳው የመንገድ ጉዳይ በሚመለከታቸው ሹም በአቶ ፍሥሐ በኩል ነው። አቶ ፍሥሐ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጠንቃቃ ነበሩ። ጉልቻን ዞረው ዞረው አዩትና ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አሰቡ።

«ደንቡ ባለ ሁለት እግር ያውቃል፤ ባለ አራት እግር ያውቃል» አሉ። «ባሕር ዳር ባጃጅ የሚባል ባለ ሦስት እግር ገብቷል ይላሉ፤ ያንተ ግን እርሱም አይደለም። ሊብሬ የለው፣ ታርጋ የለው። ሰው ገደል ቢጨምር ማን ይጠየቃል?»

«እኔ ልጠየቅ።»

«አንተማ አብረህ ገደል ትገባለህ፤ ማንን እንጠይቃለን?»

ስለዚህ ፈተናው በደብዳቤ ታዘዘ። የአጥቢያው ሽማግሌዎች የሚመርጧቸው አራት ሰዎች ይቀመጡበታል፤ አቶ ፍሥሐም አንዱ ይሆናሉ። ቀለመ ወርቅ ስጋት የሚባል ነገር አልነበረበትም፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ሦስት ኩንታል ገብስ ጭኖ አህያ ፈጅን እየዘፈነ ወጥቶት ነበር። ያን ቀን እርሱ የሞተሩን ዘይት ሲያይ ካሣነሽ ጆንያዎቹን አስጭና ነበር፤ አንዱን ከፊት ሳጥኗ ላይ፣ ሁለቱን ከኋላ። እርሱ ሦስት ኩንታል መጫኑን እንጂ እንዴት እንደተጫነ ልብ አላለም፤ ስሕተቱም ይኸው ነበር።

እንግዲህ ወደ ሚያዝያ 9 እንመለስ። ከግራርጌ ማርያም ደጀ ሰላም ፊት ለፊት ሕዝቡ ከጧት ጀምሮ ተሰብስቦ ነበር። ከተመረጡት አንደኛው ባላምባራስ አዳነ ናቸው፤ በጃንሆይ መጨረሻ ዘመን የተሾሙ፤ ዘመን ሦስት ጊዜ ቢገለበጥም ማዕረጋቸውን ማንም ያልገፈፋቸው። ሁለተኛው የደብሩ ቄሰ ገበዝ ወልደ ገብርኤል ናቸው፤ ሰውነታቸው የደለበ፣ አነጋገራቸው ለስላሳ። ሦስተኛው አቶ ፍሥሐ፤ አራተኛው የቀበሌው ሊቀ መንበር ደሴ ነው፤ ጎልማሳ ገበሬ። መሪጌታ ገብረ ኢየሱስም ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር ከወይራው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ሊሳለማቸው ሲቀርብ ትከሻውን ሳሙት፤ ወደ ብረቱ ግን ቀና ብለው አላዩም።

«ይነሡ እንጂ ባላምባራስ፤ ይቅደሙ» አሉ ቄሰ ገበዝ።

«ኧረ በሞቴ፤ ካህን እያለ! እርስዎ ይቅደሙ።»

«አይሆንም፤ በማርያም ስም!»

እንዲህ እየተባባሉ ብዙ ከቆዩ በኋላ ባላምባራስ ከኋላ መደብ መሐል ላይ ተሠየሙ፤ ቄሰ ገበዝ በቀኛቸው፣ አቶ ፍሥሐ በግራቸው ሆኑ። መደቡ ከፍ ያለ ነውና ክብር ያለው እዚያ ነበር፤ ከሹፌሩ ፊት ካለችው የዕቃ ሳጥን ላይ ማን ይቀመጣል? ደሴ ደግሞ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ትከሻ ለትከሻ መግጠም ነውር መስሎት፣ ከመደቡም ወዲያ አልፎ ከሞተሩ ክዳን በላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀመጠ። ቀለመ ወርቅ ዞር ብሎ አያቸው። ሁሉም ከኋላ ናቸው። ነገሩ አላማረውም ነበር፤ ግን ባላምባራስን ከተሠየሙበት ተነሡ የሚል አንደበት ጋይንት ውስጥ አልተፈጠረም፤ የእርሱም አባት እንዲያ አላሳደጉትም። ደግሞ ሞተሩን ያምነዋል። አስነሣና ሄደ።

የመጀመሪያውን ኩርባ ሳይቸገር ወጣ፤ ሕዝቡ እልል አለ። ሁለተኛው ላይ መንገዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እዚያ ሲደርስ የፊት ጎማው መሬቱን ለቀቀ። መጀመሪያ አንድ ስንዝር፣ ቀጥሎ አንድ ክንድ። ቀለመ ወርቅ መሪውን ወደ ግራ ቢያዞር ጎማው በአየር ላይ ዞረ፤ ጉልቻ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ገደሉ አመራ። ፍሬኑን ረገጠ፤ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ የኋላው ጎማ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ቆመ። የባላምባራስ ባርኔጣ ገደል ገባ። «አበስኩ ገበርኩ!» አሉ ቄሰ ገበዝ፤ መስቀላቸውን እንደጨበጡ። ሴቶቹ ጮኹ። አንድም ሰው ግን አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በእግራቸው ወርደው ጉልቻን በገመድ እየያዙ ወደ ደጀ ሰላሙ መለሱት። አቶ ፍሥሐ ልብሳቸውን አራገፉና ወረቀታቸውን አወጡ።

«አንድ ዕድል ይቀርሃል» አሉ። «እውነቱን ልንገርህ? አሁኑኑ ብትተወው ደስ ይለኛል። ነገር ግን ሁለት ጊዜ ይሞከር ይላል ደብዳቤው።»

ቀለመ ወርቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሞተሩን አየ፣ እሳት ሰጪውን ካንዴላ አየ፣ ካምቢዮውን አሰበ፤ ጥፋት አጣበት። ካሣነሽ መጥታ ከፊቱ ቁጢጥ አለች።

«አህያ ዳገት ስትወጣ ጭነቷ ወደ ጭራዋ ከሸሸ ምን ትሆናለች?» አለችው።

«ፊቷን ታነሣለች።»

«ታዲያ ይኸውና ፊቱን አነሣብህ። ገብሱን ስጭንልህ አንዱን ጆንያ ከፊት ያደረግሁት ለጌጥ መሰለህ እንዴ? ሰዎቹ ሁሉ ጭራው ላይ ነው የተሰቀሉት፤ ሞተሩም እዚያው ነው። ከሳጥኗ ላይ ከባድ ሰው አስቀምጥ።»

ቀለመ ወርቅ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «አንቺ ሴት! ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበርሽ?»

«አልጠየቅኸኝም።»

ድንጋይ ከፊት እንጫን ቢል አቶ ፍሥሐ እምቢ አሉ፤ ደብዳቤው ሰው እንጂ ድንጋይ አይልም፤ ሞተሩም ትርፍ ሸክም አይችልም። ስለዚህ ከአራቱ አንዱ ወርዶ በምትኩ ሌላ ከፊት መቀመጥ አለበት፤ ወይም ከአራቱ አንዱ ወደ ፊት መምጣት አለበት። እዚህ ላይ ጉዱ ፈላ።

«እኔ አዳነ» አሉ ባላምባራስ፤ «በጃንሆይ ዘመን የተሾምኩ ሰው፣ እንደ እህል ጆንያ ሳጥን ላይ? እምቢየው!»

«ታቦት ሲወጣ ከፊት ዲያቆን ነው፤ ካህን ከኋላ ነው የሚሄደው» አሉ ቄሰ ገበዝ በትሕትና። «ከሹፌር ፊት እኔ ምን ቤት ነኝ?»

ከሕዝቡ መካከል ወፍራም ወፍራም ጎረምሶች ተጠሩ፤ አንዱም አልደፈረም። «ለባላምባራስና ለቄሰ ገበዝ ጀርባ ሰጥቼ ልቀመጥ? ኧረ በማርያም! ነገ አባቴ ከቤት ያባርረኛል» አለ አንዱ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ደሴም ቢሆን «በአገር ፊት አታዋርዱኝ» አለ። ካሣነሽ ተናደደች።

«ነውሩንስ እኔ እችለው ነበር፤ ክብደት ግን ከየት ላምጣ?» አለች፤ እውነትም ነበር፤ ነፋስ የሚወስዳት ሴት ናት። ከዚያም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «እናንተ ሰዎች፣ ልጄ የሞተው እዚህ ዳገት ላይ ነው። አንዳችሁ አንድ ሰዓት ብትዋረዱ ምን አለበት?»

ባላምባራስ መሬት መሬቱን አዩ።

በዚህ ጊዜ ከወይራው ሥር መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ መቋሚያቸውን ተክለው ተነሡ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር፤ ደቀ መዛሙርቱ ሊደግፏቸው ቢሉ በእጃቸው ከለከሉ። መጥተው ከሰዎቹ ፊት ቆሙ።

«ወልደ ገብርኤል፤ ድጓ ከማን ተማርህ?»

«ከእርስዎ የኔታ።»

«ባላምባራስ፤ እርስዎን ዳዊት ማን አስደገመዎ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ፤ በአለንጋ ጭምር» አሉ ባላምባራስ፤ ሕዝቡ ሳቀ።

«ሊቀ መንበሩንም ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ መምህር ለተማሪው ጀርባውን ቢሰጥ ማን ይቀየማል?» ብለው መቋሚያቸውን ወደ ሳጥኗ ቀሰሩ። «ደሴ፣ ውረድ። በአንተ ቦታ እኔ እቀመጣለሁ፤ እዚያች ላይ።»

ቀለመ ወርቅ ደነገጠ። «የኔታ፣ ይቅርብዎ። እርሷ የዕቃ ቦታ ናት። ቢወድቁብኝስ?»

«ከተቀመጥሁ ይወጣል ትላለህ ወይስ አይወጣም?»

«ከተቀመጡ ይወጣል።»

«በእርግጥ?»

ልጅ አባቱን ቀና ብሎ አያቸው። «በእርግጥ፤ ይወጣል።»

«እንግዲያው ምን ያንቀጠቅጥሃል?» አሉ መሪጌታ፤ ከዚያም ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ያን ቀን ዳዊት እየደገምሁ ከቃሬዛው ኋላ ወጣሁ፤ የልጅ ልጄ ከፊቴ ሞተ። ከኋላ መከተል በቃኝ ልጄ። እስቲ አንሣኝ።»

ቀለመ ወርቅ አባቱን አቅፎ ሲያነሣቸው ዓይኑን እንባ ሞላው፤ አልደበቀውም። ሽማግሌው መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ጥምጥማቸውን አጠባብቀው፣ ጀርባቸውን ለሁሉም ሰጥተው ተቀመጡ፤ የፊቱም ጎማ ከክብደታቸው የተነሣ መሬቱን ነከሰ። ባላምባራስ፣ ቄሰ ገበዝና አቶ ፍሥሐ ያለ ምንም ግብዣ መደቡ ላይ ወጡ።

አንደኛ ማርሽ ገባ። የመጀመሪያው ኩርባ አለፈ። ሁለተኛው ጋ ሲደርሱ መንገዱ ቀጥ አለ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ ጎማው ግን ከመሬቱ ንቅንቅ አላለም፤ መሪው ወደ ግራ ሲዞር ጉልቻም ወደ ግራ ዞረ። መሪጌታ የፋሲካውን ዜማ ከሞተሩ በላይ ያሰሙ ጀመር፤ ደቀ መዛሙርቱም ከታች እየሮጡ ተቀበሏቸው። «ግፋ ልጄ! ግፋ!» ይሉ ነበር በየመካከሉ፤ ዜማውን አቋርጠው። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው ኩርባ አለፈ። ከዳገቱ አናት ላይ ወጥተው ሲቆሙ አቶ ፍሥሐ ሰዓታቸውን አዩ፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ ነበር። ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እዚያው ፈረሙ፤ «በጊዜያዊነት» የምትል ቃል አልቀረችም፤ ሰውየው ጠንቃቃ ነበሩ ብያለሁ።

ከዚያ ወዲህ በግራርጌ ልማድ ተገለበጠ። በሽተኛ ከኋላ መደብ ላይ ሲተኛ ከፊት ሳጥኗ ላይ የሚቀመጥ ከባድ ሰው ያስፈልጋልና፣ መሪጌታ የተቀመጡበት ቦታ ክብር ሆነ፤ ሽማግሌዎቹ «ዛሬ ተራው የእኔ ነው» እያሉ ይጣሉበት ጀመር። መሪጌታ ራሳቸው በ2002 እስኪያርፉ ድረስ ዘጠኝ ጊዜ ወጥተዋል። ወንበራቸውን ከዋድላ የመጣ አንድ ደቀ መዝሙር ወረሰ፤ ደኅና መምህር ወጣው ይባላል።

ታሪክ ምን አስታወሰ ቢሉ ጥቂት ነው። የአካባቢውን እድገት የሚዘረዝር አንድ ጽሑፍ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ወደ ጋይንት የገባው በ2001 ዓመተ ምሕረት፣ ባጃጅ ሲመጣ ነው ይላል፤ ጸሐፊው አልዋሸም፤ የሚያውቀውን ጻፈ። በ2004 ለወረዳው አምቡላንስ መጣ፤ መንገዱም ሰፋ፤ ጉልቻም ከጋራዡ ጓሮ ቆመ። የብረት ሠሪን ስም በድንጋይ የሚቀርጽ አገር የለንም፤ ለነገሥታቱ ግን ድንጋይ አላነሰንም ነበር።

አንድ መዝገብ ግን አለ። ግንቦት 1999፣ ፈተናው ካለፈ ከአንድ ወር በኋላ፣ ላቀች የምትባል የግራርጌ ወላድ በጉልቻ ወደ አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ መጣች፤ ከፊት የተቀመጡት እምቢየው ያሉት ባላምባራስ አዳነ ነበሩ። አዋላጇ ኤልሳቤጥ ከሰዓታት በኋላ መዝገቧን ገልጣ ስትጽፍ፣ «ወላዷ የመጣችበት» በሚለው ረድፍ «በእግር፣ በቃሬዛ፣ በመኪና፣ ሌላ» የሚል አገኘች፤ ጥቂት አሰበችና «ሌላ» ላይ ምልክት አደረገች። ላቀችን አጅባ የመጣችው ካሣነሽ በሩ ላይ ቆማ ታያት ነበር፤ ማንበብ አትችልም።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አለቻት።

«የእናትየዋን ስም፣ ከየት እንደመጣች፣ በምን እንደመጣች።»

«ከዚያስ?»

ኤልሳቤጥ ጣቷን በመጨረሻው ረድፍ ላይ አድርጋ አነበበች። «እናትም ልጅም ደኅና።»

ካሣነሽ ወደ መዝገቡ ጠጋ አለች።

«እስቲ ደግመሽ አንብቢልኝ» አለች።